ጭስን ሥራ ያስያዘው አልፍሬድ ቡኺ

ቱርቦ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው ጋራዥ ሲገባ ወይም ከመኪና ወዳጆች ጋር ሲጨዋወት ከሚገጥሙት ክርክሮች አንዱ የብሎውኦፍ ቫልቭ ጉዳይ ነው። ይህች ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የታመቀውን አየር እያስተነፈሰች ጽስስ የምትል ትንሽ ዕቃ ናት። መኪናው አውቶማቲክ ሲሆን ክርክሩ ይብሳል። አንዱ ቫልቩ ካልተገጠመ ቱርቦው ዕድሜ የለውም ይላል። ሌላው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ አያስፈልገውም ብሎ ይደመድማል። ክርክሩን ማንም ያሸንፍ ማን ገንዘቡን የሚያወጣው ባለ መኪናው ነው። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን ሞተር ማበላሸት ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ጥያቄውን ለመመለስ ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ዕቃ ሻጩ ነው። ቱርቦን ወደፈጠረው ሰው ሕይወት ቢሄዱ ግን መልሱን ከሥሩ ያገኙታል። ሰውዬው አልፍሬድ ቡኺ ይባላል። በመሐንዲሶች ዘንድ ስሙ የታወቀ፣ በአሽከርካሪዎች ዘንድ ግን እምብዛም የማይነሳ ስዊዘርላንዳዊ ነው። የሠራው ሥራ በእኛ አገር ምን ትርጉም እንዳለው ለማየት ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ የሚወርደውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ማሰብ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡኺ የተወለደው ሐምሌ 11 ቀን 1879 በዊንተርቱር ከተማ ነው። ዊንተርቱር የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ከፋብሪካዎቿ ሁሉ ትልቁ የሱልዘር ወንድማማቾች ማሽን ሥራ ሲሆን የአልፍሬድ አባት ዮሐን ቡኺም በዚያው ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት ይሠሩ ነበር። አንድ አጋጣሚ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። ልጁ በተወለደበት በ1879 ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ተማሪ በሕመም ምክንያት የመመረቂያ ፈተናው አምልጦት ሥራ ለመለማመድ የመጣው ወደዚሁ ወደ ሱልዘር ፋብሪካ ነበር። ያ ተማሪ በኋላ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የናፍጣ ሞተር ፈጠረ። በዚያች ዓመት በዚያች ከተማ የተወለደው ሕፃን ደግሞ አድጎ ያንኑ ሞተር ኃይሉን ጨመረለት።

አልፍሬድ ልጅነቱን ያሳለፈው በዊንተርቱርና በጀርመኗ ሉድቪግስሃፈን ከተማ፣ በትላልቅ ማሽኖች አጠገብ ነው። በ1899 ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ገብቶ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማረ፤ በ1903ም ተመረቀ። ከዚያ በቤልጂየምና በእንግሊዝ አገር ሠራ። ዕድሜ ልኩን ያልለቀቀው ሐሳብ የያዘውም በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ መኪናውን ወይም መርከቡን ለመግፋት የሚውለው ትንሹ ክፍል ነው። ከቀረው አንዱ ክፍል ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውኃ በኩል ይሄዳል፤ ሌላው በጭስ ማውጫ ወጥቶ ይጠፋል። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደን ድስት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንጨቱ ይነዳል፤ ሙቀቱ ግን ከድስቱ ይልቅ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ቡኺን ያንገበገበው ይህ ብክነት ነበር። ጭሱ ትኩስ ነው፤ ግፊትም አለው። ታዲያ በመንገዱ ላይ አንድ ተርባይን ቢቀመጥለትና እያሽከረከረ ቢወጣ፣ ተርባይኑ ደግሞ ከኮምፕሬሰር ጋር ቢያያዝና ንጹሕ አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደር ቢያስገባ፣ ያው ሞተር ብዙ አየር ስለሚያገኝ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይችላል ማለት ነው። ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 አየርን በፓምፕ ወደ ሞተር የማስገባት ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር። የዳይምለር ዓይነቱ ፓምፕ ግን የሚዞረው ራሱ ሞተሩ በሚሰጠው ጉልበት ስለሆነ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው እንደመክተት ነው። የቡኺ ኮምፕሬሰር ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ከሚጣለው ጭስ ነው።

ኅዳር 16 ቀን 1905፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ የጀርመን የፈጠራ ባለቤትነት ጽሕፈት ቤት ለዚህ ሐሳብ መብት ሰጠው። የመብቱ ቁጥር 204630 ሲሆን ኮምፕሬሰር፣ የፒስተን ሞተርና ተርባይን በተከታታይ የተያያዙበትን አሠራር የሚገልጽ ነው። የቱርቦ ታሪክ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በዚያን ጊዜ ጋምቤላ ምን ትመስል ነበር ቢባል፣ ታሪኳ ገና መጀመሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተከራይተው ነበር። በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ በኩል ጋምቤላ ይደርሱና የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ውኃው ሲጎድል ጉዞው ይቆማል። መርከቦቹ የሚሄዱት እንጨት እያነደዱ ነው። እንፋሎት ደግሞ ከናፍጣ ሞተር እጅግ የባሰ አባካኝ ነው። ጋምቤላ የመርከብ ወደብነቷ ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1956 ዘልቆ መሬቱም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ሕይወት ከወንዙ ይልቅ በመንገዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ወደ ቡኺ እንመለስ። መብት ማግኘትና ማሽን መሥራት ለየቅል ናቸው። በ1909 ወደ ሱልዘር ገብቶ የናፍጣ ሞተር ምርምር የሚያካሂድ አነስተኛ ክፍል መምራት ጀመረ። በ1911 ዊንተርቱር ውስጥ የሙከራ ማሽን ተቋቋመ። የመጀመሪያው ናሙና የታየው በ1915 ነው። የታሰበው ለአውሮፕላን ሲሆን ከፍታ ላይ ያለውን ቀጭን አየር እንዲያካክስ ነበር። ግን አልሆነም። የጭሱን ሙቀት ለረጅም ጊዜ የሚችል ብረት ማግኘት፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከም ኩሽኔታ መሥራት በጊዜው ከባድ ነበር። ማሽኑም አስተማማኝ ሊሆን አልቻለም። ከመጀመሪያው መብት እስከዚህ አሥር ዓመት አልፏል። ሌላ ሰው ቢሆን ሐሳቡን ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ ይሄድ ነበር።

የከፍታውን ነገር በተግባር ያሳዩት ሌሎች ናቸው። ፈረንሳዊው ኦገስት ራቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር አውሮፕላኖች ቱርቦ ሠራ። አሜሪካዊው የጀነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ ይላል። በባሕር ወለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ።

ይህ ሙከራ ለእኛ ከማንም በላይ ይቀርበናል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ውስጥ ተወልዶ ቢሞት ፋብሪካው የጻፈለትን ጉልበት አንድም ቀን አያየውም። ጋምቤላ ከተማ ግን 526 ሜትር ላይ ናት። ግፊቱ ከባሕር ወለሉ የሚያንሰው በመቶ 6 ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ጎሬን አልፎ ሲወርድ ነፍስ የዘራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የጋምቤላ ሙቀት በበጋ 40 ዲግሪ ሲደርስ ሙቅ አየር ይሳሳል። ስሌቱን ብንሠራው በዚያ ሙቀት የጋምቤላ አየር 15 ዲግሪ ከሆነው የባሕር ወለል አየር በመቶ 14 ያህል ይቀላል። የአዲስ አበባው በ20 ዲግሪ በመቶ 27 ያህል ይቀላል። ቆላው ያሸንፋል፤ ግን እንደሚታሰበው በሰፊ ልዩነት አይደለም። ቱርቦ አየርን ሲያምቅ ራሱም ስለሚያሞቀው የታመቀውን አየር ወደ ሞተር ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በጋምቤላ ከየትም በላይ ሥራ ይበዛበታል።

የቡኺ ዕድል የተከፈተው በ1920ዎቹ፣ በሰማይ ሳይሆን በባሕር ላይ ነው። የጀርመን መንግሥት በባልቲክ ባሕር ላይ የሚመላለሱ ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚግ የተባሉ ሁለት የመንገደኛ መርከቦች እንዲሠሩ አዘዘ። እያንዳንዳቸው ባለ አሥር ሲሊንደር የሆኑ ሁለት ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ነበሯቸው። በቡኺ ንድፍና ክትትል የተሠሩ ቱርቦዎች ሲገጠሙላቸው የሞተሮቹ ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ሲሊንደሩ ሳይጨመር፣ ሞተሩ ሳይተልቅ፣ በመቶ 43 ያህል የበለጠ ጉልበት ተገኘ ማለት ነው። መርከቦቹ በ1926 ሥራ ሲጀምሩ ከመጀመሪያው መብት 21 ዓመት አልፎ ነበር። ቡኺ 47 ዓመት ሊሞላው ነው።

በ1925 ያስመዘገበው ሌላ መብት በእኔ ግምት ከመጀመሪያው አይተናነስም። ጭስ ከሲሊንደር የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ ሳይሆን እንደ ልብ ምት በየተራ እየተገፋ ነው። የሁሉም ሲሊንደር ጭስ በአንድ ሰፊ ቧንቧ ቢሰበሰብ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያደናቅፋል። ስታዲየም ሲለቅ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ በር ሲጋፋ እንደሚሆነው ማለት ነው። ቡኺ ሲሊንደሮቹን በቡድን ከፍሎ ለየብቻቸው ጠባብ ቧንቧ ሰጣቸው፤ የእያንዳንዱ ምት ጉልበትም ሳይባክን ተርባይኑ ላይ ደረሰ። ከዚህም ሌላ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማስወጫው ቫልቮች ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት እንዲሆኑ አድርጎ ንጹሑ አየር የቀረውን ጭስ ጠርጎ እንዲያወጣና ሲሊንደሩን እንዲያቀዘቅዝ አደረገ። ዛሬ በከባድ መኪና ሞተር ላይ ለሁለት የተከፈለ የጭስ መንገድ ያየ መካኒክ የሚያየው የዚህን ሰው ሐሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱልዘርን ለቆ የስዊዘርላንድ ሎኮሞቲቭና ማሽን ፋብሪካን ተቀላቀለ። በስሙ የተጠራ ሲንዲኬትም ተቋቋመና የፈጠራ መብቱን ለሞተር ፋብሪካዎች ማከራየት ተጀመረ። በ1938 የስዊዘርላንዱ ዛውረር ለጭነት መኪና የሚሆን ቱርቦ ያለው ሞተር አወጣ። የተማረበት የዙሪኩ ተቋምም የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ይህን የሕይወቱን ክፍል ሲያነቡት ከማሽኑ ይልቅ ውልና ወረቀት ይበዛበታል፤ እንለፈው።

እዚህ ላይ አንባቢው ቫልቩስ የት ገባ ማለቱ አይቀርም። በቡኺ ሞተሮች ላይ አልነበረም። ያልነበረውም ረስቶት ወይም ዘመኑ ገና ስለነበር አይደለም፤ ሞተሮቹ የሚያስፈልጋቸው ስላልሆነ ነው። የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚጨመረውና የሚቀነሰው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። የአየሩ መንገድ ግን ክፍት ነው። ነጂው እግሩን ቢያነሳ ነዳጁ ይቀንሳል፤ ቱርቦው የሚገፋው አየር ግን ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይቀጥላል እንጂ ከምንም ጋር አይጋጭም። በአዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ለጭስ ማጽጃው ሥራና ሞተሩ ሲጠፋ እንዳይንገጫገጭ የሚያገለግል ክዳን አለ። እሱም ቢሆን ጉልበት መቆጣጠሪያ አይደለም።

የቤንዚን ሞተር ሌላ ነው። ነዳጅ መስጫው የሚከፍትና የሚዘጋው የአየሩን መንገድ ነው። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ እየዞረ አየር ሲያምቅ ነጂው በድንገት እግሩን ቢያነሳ ክዳኑ ይዘጋል። የታመቀው አየር መሄጃ ያጣና ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የኮምፕሬሰሩን ክንፎች እያርገበገበ፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ የዘንጉን መያዣ እየገፋ። ቫልቩ የተፈጠረው ለዚህች ቅጽበት ነው። ክዳኑ ሲዘጋ በስተጀርባው የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል በቀጭን ጎማ በኩል ቫልቩን ይከፍተዋል፤ አየሩም መውጫ ያገኛል። እንግዲህ ቫልቩ የአየር ክዳን ያመጣው ዕቃ ነው፤ ቱርቦ ስላለ ብቻ የግድ የሚገጠም አይደለም።

ታዲያ አውቶማቲክ መሆኑ ምን ይለውጣል? ጥቂት ብቻ። ማኑዋል መኪና የሚነዳ ሰው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮን ረግጦ ከነዳጁ ላይ እግሩን ያነሳል። ስለዚህ ክዳኑ ደጋግሞ ይዘጋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው የነጂው እግር ነዳጁ ላይ እንዳለ ነው። አየሩ ስለማይዘጋ ቫልቩ የሚከፈትበት ምክንያት ያንሳል። አውቶማቲክ አያስፈልገውም የሚሉት ሰዎች እውነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተታቸው ደግሞ ቀጥሎ ይመጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ ሲበራ፣ ከፊት ያለው ሚኒባስ ድንገት ሲቆም፣ አውቶማቲክ የሚነዳውም ሰው እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ያዛውራል። ያን ጊዜ ክዳኑ ይዘጋል፤ አየሩም ይመለሳል። በመሆኑም ቤንዚን የሚጠቀም ቱርቦ መኪና አውቶማቲክም ቢሆን የአየር መልቀቂያ ያስፈልገዋል። ዘመናዊዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ተገጥሞላቸው ስለሚመጡ ግን ገዝቶ መጨመር አያስፈልግም። የፋብሪካው ቫልቭ አየሩን ወደ ውጭ አይተፋም፤ ወደ ኮምፕሬሰሩ መግቢያ መልሶ ይሰጠዋል። ለዚህ ነው ድምፁ የማይሰማው።

ለድምፁ ሲባል ወደ ውጭ የሚያስተነፍሰውን የሚገጥሙ ሰዎች አንድ ነገር ቢያውቁ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተሮች የገባውን አየር በሰንሰር ለክተው የሚመጥነውን ነዳጅ ይረጫሉ። የተለካው አየር በቫልቩ በኩል ውጭ ከፈሰሰ ኮምፒውተሩ የሌለ አየር ቆጥሮ ነዳጅ ያበዛል። ጥቁር ጭስ፣ የሻማ መቆሸሽ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት የሚመጡት ከዚህ ነው። ጭስ እንኳ እንዳይባክን ዕድሜውን ለፈጀ ሰው ፈጠራ፣ ታምቆ የተዘጋጀን አየር ለድምፅ ብሎ መድፋት ትንሽ ቀልድ ይመስላል። በነገራችን ላይ ትላልቅ የጭነት መኪኖች ሲቆሙ የሚያሰሙት ጽስታ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የቱርቦ አይደለም፤ የአየር ፍሬን ነው። ዌስትጌት የሚባለውንም ከዚህ ቫልቭ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ዌስትጌት የሚቀመጠው በጭሱ በኩል ሲሆን ሥራው ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይዞር መገደብ ነው። እሱ በናፍጣም በቤንዚንም ላይ አለ።

አሁን መኪናውን የጋምቤላ መንገድ ላይ እናውጣው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ የነጂው እግር ከነዳጅ ላይ ይነሳል፤ ጥንቁቅ ከሆነም ካምቢዮውን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ይይዘዋል። ቫልቩ መጀመሪያ እግሩ ሲነሳ አንዴ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ቱርቦው የሚያምቀው አየር ስለሌለ ቫልቩ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ፣ ከ526 ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ሲወጣ ደግሞ እግር ነዳጁ ላይ እንደተጫነ ነው፤ ክዳኑ ክፍት ነው፤ ቫልቩ አሁንም ዝም ይላል። ለዚህ ጉዞ ብሎ ቫልቭ የሚገዛ ሰው ሥራ የማይሠራ ዕቃ ገዛ ማለት ነው። ቫልቩ ሥራ የሚበዛበት አዲስ አበባ ውስጥ፣ እየሄዱ በሚቆሙበት መጨናነቅ ነው።

ቱርቦን ቆላ ላይ የሚገድለው ሌላ ነው። በበጋ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ይታፈናል፤ በተቀደደ ፊልትሮ ያለፈች አሸዋ ደግሞ የኮምፕሬሰሩን ክንፍ ትበላለች። ዘንጉ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ስለሆነ ዘይት ያሳለፈበት ሰው ቱርቦውን እየቀበረ ነው። ጭነት ይዞ ዳገቱን የወጣ ሞተር ወዲያው ቢጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆምና በጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይጋገራል። ጎሬ ላይ ለቡና ከመውረድ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ሳያጠፉ መቆየት ምንም አያስወጣም። የኢንተርኩለሩን ፊት ከጭቃና ከነፍሳት ማጽዳትም እንዲሁ። የቤንዚን ቱርቦ ያለው ሰው መኪናው ዳገት ላይ ከደከመበት የፋብሪካውን ቫልቭ የውስጥ ጎማ መቀደዱን ያስፈትሽ፤ ጎማው ሲቀደድ የታመቀው አየር እየሾለከ ጉልበት ይጠፋል።

በጋምቤላ ክልል በስደተኛ መጠለያዎችና በወረዳዎች መካከል ሲመላለሱ ከሚታዩት ነጫጭ መኪኖች መካከል ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ስሙ የገነነ ነው። ለአፍሪካ ከሚላኩት የዚህ መኪና ዓይነቶች አንዱ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን ቱርቦ የሚባል ነገር የለበትም። ቫልቭ ይገጠምለት ብሎ መጠየቅ ለበቅሎ መሪ ይሠራላት እንደማለት ነው። ይህ መኪና ከ2023 ጀምሮ በሌሎች ገበያዎች 2.8 ሊትር ቱርቦ ናፍጣና አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ይዞ ባሮን የሚሻገር ሰውም መልሱ ያው ነው፤ ናፍጣ ነውና አያስፈልገውም።

ቡኺ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ያየው ዓለም የመጀመሪያውን መብት ሲያገኝ ካየው የተለየ ነበር። በጋምቤላ ወደብ እንደነበሩት ያሉ የእንፋሎት መርከቦች በመላው ዓለም ለናፍጣ ቦታ እየለቀቁ ነበር፤ ናፍጣዎቹም ቱርቦ ይዘዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቱርቦ ወደ ባቡርና ወደ ጭነት መኪና ተዛመተ። እሱ ጥቅምት 27 ቀን 1959 በተወለደባት በዊንተርቱር በ80 ዓመቱ አረፈ።

ቱርቦ የተገጠመላቸው የቤት መኪኖች ለገበያ ሲቀርቡ አላየም። የመጀመሪያዎቹ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር አሜሪካ ውስጥ የወጡት በ1962፣ እሱ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለቱም ቤንዚን ነበሩ፤ ሁለቱም ብዙ አልቆዩም። ቡኺ በሚያውቀው በናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ ተገጥሞለት በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው የቤት መኪና የመጣው በ1978 ሲሆን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው መርሴዲስ 300 ኤስዲ ነበር። አምስት ሲሊንደር፣ ሦስት ሊትር፣ ካምቢዮውም ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። ብሎውኦፍ ቫልቭ አልነበረውም።